ከሰማይ የመጣው ቁራኛዬ

ዛሬ ጠዋት የላሊበላው አውሮፕላን በንፋስ መውጫ ላይ ሲያልፍ ቀና ብዬ አየሁት። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። «ደግሞ ቋጠርኸው?» ዝቅ ብዬ ባይ፣ የጋቢዬን ጫፍ ሳላውቀው ቋጥሬዋለሁ።

ጣሊያን በወረረን ጊዜ ነው፤ ስማዳ ነበርን። በዐቢይ ጾም ታላቅ ወንድሜ ከወገዳ ገበያ ሲመለስ ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ሞተ። አርባው ሳይወጣ አንድ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ የመንደራችን ግጦሽ ላይ አረፈ፤ አንድ ረጅም ፈረንጅም ወረደ። ለእኛ አውሮፕላን ማለት ጠላት ማለት ነበር። ሰዉ ዱላውን ሲያነሳ እኔ ቀድሜ ጮኽሁ፤ «በሕግ አምላክ! ደመኛዬ ነው፤ ዳኛ ፊት አቆመዋለሁ!»

ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ በኩታቸው ጫፍ ይቋጠሩ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ፈረንጁ ኩታ ስለሌለው የመንደራችን ጭቃ ሹም አያ ታከለ የራሳቸውን አለበሱትና ከእኔ ጋር ቋጠሩን። ሐዘን ባይኖርብኝ ያስቀኝ ነበር።

አያ ታከለ እየመሩን ዳኛው ወዳሉበት ወደ ንፋስ መውጫ ስንጓዝ፣ ፈረንጁ ሲቆም እቆማለሁ፤ ሲሸና እንኳ ፊቴን አዙሬ እጠብቃለሁ። አሳሪው እኔ ነኝ ብዬ ስኩራራ ለካ እኔም ታስሬያለሁ። በሶዬን ብቻዬን መጠጣት አልሆንልኝ ብሎ፣ እየጠላሁት አካፈልሁት።

ሜዳው መሀል ስንደርስ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። እኔ ወደ አንድ ሾላ ዛፍ ልሮጥ ስል ፈረንጁ በኩታው ስቦ ፈፋ ውስጥ ጣለኝና ላዬ ላይ ተኛ። ቦምቡ ሾላውን ገነደሰው። ስንነሳ ትከሻው ይደማል።

«አያ ታከለ፣ ክሴን ትቻለሁ። ይፍቱን።»

«የደም ክስ ሜዳ ላይ አይተውም፤» አሉ። «ዳኛ ይፍታው።»

የከበደኝ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ነው። ያዳነኝን ሰው፣ ደሙ ኩታዬን እያራሰው፣ ወደ ስቅላት እየጎተትሁ መሰለኝ። ብሸሽ አብሮኝ ነው፤ ብቆምም አብሮኝ ነው። ጨነቀኝ።

ዳኛው አስተርጓሚ አስጠሩ። ለካ ሰውየው የኛው ነው! ማንም ሳያስገድደው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ለንጉሣችን አውሮፕላን ያበርራል። ዳኛው ቋጠሮውን ሲፈቱ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አነሳኝና በአስተርጓሚው በኩል የወንድሜን ስም ጠየቀኝ።

«አለሙ» አልሁት። ሊጠራው ሞከረ፤ አልቀናውም።

ዳኛው «ቆስሏል፤ እንግዲህ አገሩ ይግባ» ቢሉ እምቢ አለ። ሌላ አውሮፕላን ፍለጋ በበቅሎ ወደ ደሴ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማሁም።

ባለቤቴ ጋቢዬን ፈታችልኝ። እኔንስ የወንድሜ ደም አሰረኝ። ያን ፈረንጅ ከእኛ ጋር የቋጠረው ማን ነበር?