ፀረ ዝገት ጦስኝ፦ ከብቸና እስከ ሞጣ

ብቸና፣ ንጋት

ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ሞጣ የሚኖሩት አክስቴ እትዬ ዘውዴ የስኳር ክኒናቸውን ትተው የጦስኝ ዱቄት መጠጣት ጀምረዋል፤ የእግራቸው ቁስልም አልደርቅ ብሏል። በጦስኝ ቂም የለኝም። ሻዬንም ወጤንም ሲያጣፍጥልኝ ኖሯል። ቂሜ ሌላ ነው።

ሾፌሩ ከመስታወቱ ሥር ያንኑ ዱቄት አስቀምጧል። ማሸጊያው «የጮቄ ጦስኝ፣ በላብራቶሪ የተረጋገጠ ፀረ ዝገት» ይላል።

«የምን ዝገት ነው?» አልኩት።

«የሰው ነዋ ጋሼ! መኪናዬንም ባጠጣኋት ነበር፤ ነገ ቤንዚን አልፈልግም እንዳትለኝ ፈርቼ እንጂ።»

ደብረ ወርቅ

ቁርስ ላይ ማሸጊያው የሚመካበትን የላብራቶሪ ጥናት ከስልኬ ፈልጌ አነበብኩ። ተመራማሪዎቹ ቅጠሉን አድርቀው ፈጭተዋል፤ ሜታኖል በሚባል አልኮል ዘፍዝፈው ጭማቂውን ብልቃጥ ውስጥ ባለ ሐምራዊ ፈሳሽ ላይ ጨምረዋል። ሐምራዊው ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ ይህ የአንቲኦክሲዳንት ምልክት ነው። በቃ። ታይሞልና ሌሎች ውህዶች እንዳሉበትም ዘርዝረዋል። የተጣራ ሥራ ነው፤ ስለ ስኳር በሽታ አንድ ቃል የለውም። ዱቄቱን አሽጎ የሚሸጠው ሰው ግን «አንቲኦክሲዳንት»ን «ፀረ ዝገት» ብሎ ተረጎመና «ብልቃጥ» የሚለውን ቃል ዋጠው። ምን እንደተረጋገጠ የማይናገር «የተረጋገጠ» ከውሸት ይብሳል፤ ውሸትን ቢያንስ ይጠረጥሩታል።

ሞጣ

ግንደወይን ላይ ከሚኒባሱ ጣሪያ የተጫነችው ፍየል እየጮኸች ሞጣ ገባን። እትዬ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ማን ሞተ ብለህ መጣህ?»

«ክኒኑን ለምን ተዉት?»

«እርጅና ዝገት ነው ልጄ። የሚያራግፈው ከተገኘ ክኒን ምን ያደርግልኛል? ደሞ ተፈትኗል።»

«ምን ላይ?»

«ሰው ላይ ነዋ!»

«ቀለም ላይ ነው እትዬ። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቀለም።»

እትዬ ቁስላቸውን ጎንበስ ብለው አዩ። ሟች ባለቤታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ።

«የኔታ ዕድሜ ልካቸውን ቀለም ሲያስቆጥሩ ኖሩ» አሉ። «በቀለም ሊቅ የሆነ አይቻለሁ፤ ስኳሩ የወረደለት ግን አላየሁም። በል ባጃጅ ጥራ፤ ቁስሉን ሐኪም ይየው።»

ባጃጁ ሊነሳ ሲል አስቆሙትና ወደ ጎረቤት አጥር ተጣሩ።

«ሐጂ! ያን የሰጠሁዎትን ዱቄት እየጠጡ ነው?»

ሽማግሌው ጎረቤት ብቅ አሉ። «አዎ፤ የግፊት ክኒኔንም ትቻለሁ። ተረጋግጧል ብለውኝ የለ?»

«የተረጋገጠው ቀለም ላይ ነው አሉ። ይምጡ፣ አብረን እንሂድ።»

ሐጂ ጫማቸውን ሊያደርጉ ወደ ውስጥ ገቡ። እትዬ ቁስለኛ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላቸው።