በአሥራ ሁለት ውሃ የታጠበው ዶሮ

እንደ እትዬ እንዳለች የሚጸየፍ ሰው በሰፈራችን በጠመንጃ ያዥ አላውቅም። ሃያ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር ከቤቴ ውሃ እንኳ ቀምሰው አያውቁም። የብርጭቆዬን ጠርዝ አየት አድርገው «ጠጥቻለሁ» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ያንገበግበኝ ነበር።

የሰፈሩ ድግስ ሲኖር ዶሮው የሚሠራው በእሳቸው እጅ ነው። በሎሚ፣ በጨው፣ በዱቄት እያሹ አሥራ ሁለት ጊዜ ያጥቡታል። ለልጃቸው ለመቅደላዊት ሕፃን ክርስትናም እንዲሁ አደረጉ። እኔ አጠገባቸው ሽንኩርት እልጣለሁ። ሥጋው በታሸ ቁጥር ደም የነካው ውሃ ግድግዳውም ክንዴም ላይ ይረጫል። ክንዴን በቀሚሴ ጠረግኩ። ከዚያ ብልቱን ባወጡበት መክተፊያ ላይ ውሃ አፈሰሱበትና ቲማቲምና ቃሪያ ከተፉበት፤ ሰላጣውንም ዶሮውን ባጠቡበት ሳፋ አለቀለቁት። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ለእሳቸው ንጽሕና ማስተማር ማን ደፍሮ! እስቲ ይበሉት ብዬ ዝም አልኩ።

መቅደላዊት ከልጅነቷ ዶሮ አትወድም፤ እንጀራዋን በሰላጣ በላች፤ እኔ ጋግሬ ካመጣሁት ዳቦም ቆረሰች። በማግስቱ ትኩሳት፣ ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዛት። አንሶላዋን ስንቀይር የነበረው ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። በነጋታው ጡቷ ደረቀ፤ ሕፃኑ ባዶ ጡት እየጎተተ ያለቅሳል። እትዬ እንዳለች ወደኔ ዞረው፣ «ያንቺ ዳቦ ነው! እጅሽን ሳትታጠቢ አቡክተሽ ልጄን ልትገያት!» አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሲስተር ሀያት ግሉኮስ ሰቀለችላትና ጠየቀች።

«ዶሮ በልታለች?»

«በአፏም አልዞረ» አሉ እትዬ እንዳለች።

«ሰላጣውስ በምን ተከተፈ?»

አሥራ ሁለቱን ውሃ፣ ሎሚውን፣ መክተፊያውን በኩራት ነገሯት። የሲስተር ሀያት ፊት ተጨማደደ።

«እማማ፣ ጥሬ ዶሮ ላይ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል። የምጠረጥረው እሱን ነው። ሎሚና ጨው አይገድሉትም፤ የሚገድለው እሳት ነው። ሲያጥቡት ደግሞ በየቦታው ይረጫል። ወጡ በስሏል፤ ሰላጣው ግን እሳት አላየም። ከእንግዲህ ሰላጣውን አስቀድመው ይሥሩ፤ ለጥሬ ሥጋ የራሱ መክተፊያና ቢላ ይኑረው። ጥሬ ዶሮ ከነኩ በኋላ እጅዎንም ዕቃውንም በሳሙና ይጠቡ።»

እትዬ እንዳለች እጃቸውን አገላብጠው አዩትና ነጠላቸው ውስጥ ደበቁት።

ከታከመች በሦስተኛው ቀን መቅደላዊት ሻል ሲላት አጥሚት ይዤላት ሄድኩ። እናቷ ማንኪያውን ተቀብለው ወደ አፏ ሲያስጠጉ ከንፈሯን ገጠመች።

«እማዬ፣ እሷ ታጠጣኝ» አለች ቀስ ብላ።

ማንኪያውን መለሱልኝ። አጠጣኋት። ስትጨርስ እትዬ እንዳለች «ለኔም ቅጂልኝ» አሉና፣ የኩባያዬን ጠርዝ ሳያዩ ጠጡ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«አንቺስ ከዚያ ሰላጣ በላሽ እንዴ?»

«አልበላሁም።»

«ተመስገን!» አሉ እጄን ጨብጠው።

ያን ቀን ራሴን የተጸየፍኩትን ያህል ምንም ነገር ተጸይፌ አላውቅም።