ከኮሶዬ በታች በሁለተኛ ማርሽ

አምሐ መጀመሪያ ድንጋይ ፈለገ። ከወለቃ መንገድ ዳር ሁለት ሸጋ ድንጋዮች መርጦ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ወሸቀ። ቀጥሎ ጎማው መሬት ላይ እያለ ዳዶዎቹን አላላ፤ መኪና በክሪክ ካነሣ በኋላ ከዳዶ ጋር የሚታገል ሰው ያናድደዋል። ክሪኩን አስገባ፣ አነሣ፣ ጎማውን አወጣ። ክሪኩ ቢያመልጥ እንዲይዛት ብሎ ያንኑ ጎማ ከመኪናዋ ሥር አጋደመው። የእጁን ጀርባ ወደ ዲስኩ አስጠጋ፤ አልነካውም፣ ግለቱ ገና አልወጣለትም። ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል። የፍሬኑን ሸራ ሲያወጣው ፊቱ እንደ ጠርሙስ ያብለጨልጫል። በጥፍሩ ሲጭረው ረገፈ፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ አፍንጫውን መታው።

«ይህን ሽታ ሰው ሲያመጣልኝ ኖሬ፣ ዛሬ ከራሴ ቤት መጣ» አለ።

አምሐ ጎንደር ውስጥ፣ በአዘዞ መንገድ፣ ፍሬን የሚሠራ መካኒክ ነው። መኪናዋ የራሱ ናት፤ የምትነዳት ግን ሚስቱ ይመኙሽ ናት። ይመኙሽ ከኮሶዬ ከፍታ ወዲያ፣ አምባ ጊዮርጊስ ታስተምራለች። መኪናዋን ከመግዛታቸው በፊት እዚያው ቤት ተከራይታ ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር የምትመጣው። ትንሿ ልጃቸው ሄለን እናቷን እንደ እንግዳ ማፈር ጀምራ ነበር። አሁን መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ሁሉ ጠዋት ወጥታ ማታ ቤቷ ትገባለች።

ወደ አምሐ የሄድኩት ስለ ሀችባክ፣ ስለ ጭራ አልባዋ ትንሽ መኪና፣ ልጽፍ አስተያየቱን ልጠይቀው ነበር፤ የመኪና ነገር ሲነሣ የማይደክመው ሰው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ደክሞት አገኘሁት። ቢሆንም አስተያየት አላጣም። «ሰው መኪና ሲገዛ የሚያስበው ሰርግና ለቅሶ ነው» ይላል። «የሚነዳው ግን ለሥራ። ትልቅ መኪና ገዝቶ ሰፈሩ ውስጥ ማዞር ያቅተዋል። የኔዋ ጭራ ቆራጣ ናት ብለው ይስቁባታል። ይሳቁ! የኋላ ወንበሯን አጥፌ ጤፍ ጭኜባታለሁ፣ በግ ጭኜባታለሁ፣ የጎረቤት ቁም ሳጥን ጭኜባታለሁ። ወደ ላይ የሚከፈት ሰፊ በር ያላት፣ ቤንዚን የምትቀምስ እንጂ የማትጠጣ። ዝቅ ማለቷ እውነት ነው፤ ፒስታ መንገድ ላይ ሆዷን ትመታለች። ታዲያ ቀስ ብለህ ንዳ!»

ቀስ ወደ ማለቱ ሲደርስ ፍሬኑ የተቃጠለበትን ቀን ነገር አመጣው። ከሰዓት በኋላ ከባድ መኪና ሥር ተኝቶ ሳለ ስልክ ተደወለ። ይመኙሽ ከኮሶዬ ስትወርድ ወለቃ መግቢያ ላይ ፍሬኑ እስከ ወለሉ ገብቶ ቀረ። በእጅ ፍሬን እየጎተተች ሸክላ የሚሸጥበት ዳር ቆመች። ሰው አልተጎዳም፤ ድስትም አልተሰበረም። አምሐ ዕቃውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ በባጃጅ በረረ። ሲደርስ ይመኙሽ አንድ ነገር ብቻ አለችው፤ «ከእንግዲህ አልነዳም። እዚያው ቤት እከራያለሁ።»

እሱ ድንጋይ ወደ መፈለጉ ገባ።

አዲስ ሸራ ካስገባ በኋላ፣ የተቃጠለውን የፍሬን ዘይት ሊያስወጣ መሪው ጋ አስቀመጣት።

«ርገጪ።»

«ረገጥኩ።»

«ያዢ።» ብሎኗን ፈታ፤ ጥቁር ዘይት ከነአረፋው ወጣ። አጠበቃት። «ልቀቂ። በስንተኛ ማርሽ ነበር የወረድሽው?»

ዓይኗን ወደ ሸክላዎቹ መለሰች።

«ይመኙሽ።»

«በፎሌ።»

በአገራችን አሽከርካሪ አፍ ፎሌ ማለት ማርሹን አውጥቶ መኪናውን ለቁልቁለቱ መልቀቅ ነው። ቤንዚን ይቆጥባል እየተባለ ከሾፌር ወደ ሾፌር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው። ሞተሩ አይይዝም፤ ክብደቱን ሁሉ ፍሬን ብቻውን ይሸከማል።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ የነበሩት የኔታ ወልደ ዮሐንስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለዓይን ሕክምና ወደ ከተማ ሲወርዱ ከይመኙሽ ጋር ነው የሚሳፈሩት፤ ዛሬም አብረዋት ነበሩ። «ምነው እሷን ትቆጣለህ? የጭነት ሾፌር ሁሉ እንዲያ ነው የሚወርድ። የነገርኋት እኔ ነኝ።»

«የኔታ፣ እርስዎ ደግሞ መንጃ ፈቃድ መቼ አወጡ?»

«ከኋላ ተቀምጬ ስንቱን ሾፌር አስተምሬያለሁ!»

«ርገጪ» አለ አምሐ። «ያዢ። ዛሬ ብቻ ነው?»

«ሁልጊዜ» አለች። «ቅዳሜህን ነዳጅ ሰልፍ ላይ ውለህ ስትመጣ ፊትህን አየዋለሁ። ቁልቁለቱን በነጻ ከወረድኩ አንዳንድ ቅዳሜ ታርፋለህ ብዬ ነው።»

አምሐ ብሎኗን አጠበቀ። ከዚያ ንጹሑን ብሎን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

«አይቆጥብም» አላት በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ የድሮ መኪና ወሬ ነው። በማርሽ ወርደሽ እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይዘጋዋል። ፎሌ ካደረግሽ ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣት አለበት። ለኔ ስትቆጥቢ ስታባክኚ ኖረሻል።»

«አንተ መቼም የመኪና ጠበቃ ነህ።»

«ልቀቂ። ወደ ላይ ተመልሰን እንወርዳለን። አንቺ ትነጃለሽ።»

«አልነዳም አልኩህ እኮ!»

«እኔ ከጎንሽ ነኝ።»

ሸክላ ሻጯ እናኑ እስከዚያ ዝም ብላ ስታይ ነበር። «እቴ፣ ስትመለሺ ከሩቁ ክላክስ ንፊ» አለቻት። «ድስቶቼን ላንሣ።»

ይመኙሽ ሳትወድ ሳቀች፤ አምሐ ጎማውን ገጥሞ ክሪኩን እንዳወረደ መኪናዋን አስነሣች። የኔታም ተሳፈሩ።

ከኮሶዬ አዙረው ቁልቁለቱ ሲጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገባች። ሞተሩ ጮኸ። «ምን አደረግሻት? ታለቅሳለች!» አሉ የኔታ። «ታልቅስ» አለ አምሐ፤ «እሷ ካለቀሰች እኛ አናለቅስም።» መኪናዋ ራሷን ይዛ ወረደች፤ ይመኙሽ ፍሬን የነካችው አልፎ አልፎ ነው።

ኩርባው ላይ አንድ ሚኒባስ ከኋላቸው ተጣበቀ። ክላክሱን ነፋው፤ ደገመው፤ ከዚያም ጨርሶ አልለቀቀውም። ይመኙሽ መስተዋቱን አየች። ትከሻዋ ወደ ላይ ወጣ። እጇ ወደ ማርሹ ሄደ፤ ወደ ፎሌ። አምሐ እጇን አልያዘም። «ዳሩን እይ» ብቻ አላት። ሰፋ ያለ ቦታ ስትደርስ ምልክት አሳይታ ዳር ያዘች። ሚኒባሱ ስድቡን በመስኮት ወርውሮ አለፈ። ማርሹ ያኔም ሁለተኛ ላይ ነበር።

ቤቱን አልተከራየችም። አልከራይምም አላለችም። «በየቀኑ እያየሁት ነው» ትላለች። አምሐም ቅዳሜ ቅዳሜ ሰልፉ ላይ ነው፤ ፊቱን አስተካክሎ ለመግባት ይሞክራል፣ አይሳካለትም።

ልሰናበተው ስል በጨርቅ እጁን እየጠረገ እስከ በሩ ሸኘኝ። «ስለ መኪናው የፈለግኸውን ጻፍ» አለኝ። «አንባቢዎችህን ግን አንድ ነገር ለምንልኝ። ከኮሶዬ በታች ጭራ ቆራጣ ነጭ መኪና እየጮኸች ቀስ ብላ ስትወርድ ካያችሁ፣ እባካችሁ ክላክስ አትንፉባት። አትጣበቁባት። ቦታ ስታገኝ ራሷ ታሳልፋችኋለች። እስከዚያ ታገሷት፤ ልጃችን በር ላይ ትጠብቃታለች።»