የባሌ እናት ውሃውን ያስለቀቁ ዕለት

የካ ተድሬ የመጣሁት ከእንጦጦ ላይ ነው። አባቴ ደብተራ፣ ባሌ የኦሮሞ ገበሬ ልጅ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ከቤተ መንግሥት የታዘዘ አንድ ፈረንጅ ከመንደራችን በላይ ወንዙን በድንጋይ ገድቦ የውሃ ወፍጮ ተክሎ ነበር። በግድቡ የተነሳ የባሌ ቤተሰብ የግጦሽ መስክ ረግረግ ሆነ፤ ከብቱን አልቅት ፈጀው፤ ከታች ላለነውም ውሃ የሚወርደው የወፍጮው ሹም ሲያሻው ብቻ ሆነ።

የባሌ አባት፣ "ከዚያ ወፍጮ የወጣ ዱቄት በአፌ አይገባም!" ብለው ማሉ። መሐላውን መንደሩ ሁሉ አከበረላቸው፣ ከሚስታቸው በቀር። የባሌ እናት "ውሃ ልቅዳ" ብለው ገብስ በእንስራ ይዘው ይወጣሉ፤ ዱቄት ይዘው ይመለሳሉ። እኔ ደግሞ እንዳይነቃብን ባዶውን የድንጋይ ወፍጮ እየገፋሁ ድምፅ አሰማለሁ። ሽማግሌው ገንፎውን እየዋጡ፣ "ዱቄት ማለት የሴት ክንድ ያረፈበት ነው!" ይላሉ። እኔ ሳቄን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

ወንዶቹ ስለ ውሃው አቤት ሊሉ ደጋግመው ወጥተዋል። ሹሙ ጠላ ያጠጣቸዋል፤ መርቀውት ይመለሳሉ።

አንድ የበጋ ጠዋት ጥጃችን ረግረጉ ውስጥ ሰጥማ ሞተች። የባሌ እናት አላለቀሱም። ሲዳሩ የተሰጣቸውን ቀጭን በትር፣ ሲንቄያቸውን አነሱ፤ የመንደሩ ሴቶችም የየራሳቸውን ይዘው ተከተሉ። ሲንቄ የያዙ ሴቶችን ገፍቶ የሚያልፍ ወንድ የለም። እኔ ሲንቄ ስላልነበረኝ ማማሰያ ይዤ አብሬያቸው ወደ ወፍጮው ወጣሁ።

ሹሙ ደንግጦ፣ "እማማ፣ ምን ሆናችሁ?" አለ።

"ውሃችንን ልቀቅ" አሉ የባሌ እናት።

"ከለቀቅሁት ወፍጮው ይቆማል፤ እህል ያመጣው ሁሉ ይመለሳል። ለማን ልፈጭ?"

"ከብታችን ከጠጣ በኋላ ለእኛ ነዋ! ሐሙስ ሐሙስ ገብሴን የምትፈጭልኝ አንተ አይደለህ?"

የባሌ አባት ከኋላችን ተከትለው መጥተው ኖሯል። "አንቺ! የምን ሐሙስ ነው?"

"ይቆዩ እስቲ፣ መጀመሪያ ውሃው ይምጣ!"

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ሹሙም ሳቀ፤ የሳቀ ሰው ደግሞ እምቢ ማለት ያቅተዋል። ከዚያ ወዲያ ከብቱ ጠጥቶ እስኪበቃው ጠዋት ጠዋት ውሃው ይለቀቅ ጀመር፤ የመንደራችን ሰዎችም ረግረጉን የሚያጠነፍፍ ቦይ ቆፈሩ። የባሌ አባት አኩርፈው ለጥቂት ቀን ቆሎ ብቻ በሉ፤ ጥርሳቸው ሲያስቸግራቸው ወደ ገንፎው ተመለሱ።

የመስኩ ግማሽ ግን እስከ ዛሬ አልደረቀም። አልቅቱም አልጠፋ፤ የከብቱን አፍ በትንባሆ ውሃ ማጠብ ለመድን። በዚያ ባለፍን ቁጥር ባሌ ጭቃውን እያሳየኝ፣ "ፈረስ የምንጋልበው እዚህ ጋ ነበር" ይለኛል። ደረቅ ሳለ አላየሁትም፤ ግን ቆሜ አብሬው አያለሁ።