«ደርሰናል» ያልኩበት ትከሻ

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት ነገር ነው። በየጾሙ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ከጎረቤት ጋር የተኮራረፍኩበትን እዘረዝራለሁ፤ እሳቸውም ስግደት ያዙኛል፤ ሰግጄ፣ ጉልበቴን ታምሜ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ይቺ ግን ሁልጊዜ ጉሮሮዬ ላይ ትቀራለች። ለእርስዎ፣ ለማላውቅዎ አንባቢ፣ ለመናገር ለምን እንደቀለለኝ አላውቅም። ፊትዎን ስለማላይ ይሆናል። ደግሞም ደክሞኛል፤ ይህን ነገር ይዞ መኖር ሰልችቶኛል።

ሥራዬ ሰው ተራራ ላይ ማውጣት ነው። የምኖረው ቡሬ ነው። የፍኖተ ሰላም ወጣቶች በበዓል ቀን ይመጣሉ፤ ከአዲስ አበባም አዲስ ጫማ ገዝተው የሚመጡ አሉ። የማወጣቸው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው በኩል ብቻውን ወደቆመ ቀይ ተራራ ነው። የተማሩት እንደሚሉት ድሮ ሰው ሳይኖር እሳት የተፋ ነው። ድንጋዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ እንደ ዳቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ሲረግጡት ይንሸራተታል። ክረምት ሲወጣ፣ ጠዋት ላይ ጉሙ ሜዳውን ሞልቶት ጫፉ ብቻ ይቀርና ተራራው ባሕር ላይ ያለ ደሴት ይመስላል። እንግዶቼ የሚመጡት ያንን ፎቶ ለማንሳት ነው።

በእኛ አገር መንገደኛን «ገና ነው» ማለት ነውር ነው። ሰው ደክሞት «ስንት ይቀረኛል?» ብሎ ሲጠይቅ «እዚያች ናት» ይባላል። ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ቢሆንም እዚያች ናት። ትንሽ ሄዶ ሌላ ሰው ቢጠይቅ «ኧረ ደርሰሃል!» ይለዋል። ማንም ይህን ውሸት ብሎ አይቆጥረውም፤ ጉልበት መስጠት ነው። የአገሬው ሰው «ደርሰሃል» ሲሉት መቀነቱን ጠበቅ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል እንጂ ዕቃውን አያወርድም። እኔም እንግዶቼን በዚህ ቃል እየጎተትኩ ነው የኖርኩት። የአዲስ አበባ ልጆች ሲነቁብኝ «ደግሞ የአንተ ደርሰናል!» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ጋሽ ይሁኔ ግን አልሳቁም። አዲስ አበባ አናጺ ሆነው ኖረው ያረጁ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። የተወለዱት ከዚያ ተራራ ማዶ፣ ከጀርባው ባለ ቆላማ ሸለቆ ውስጥ ነው። ልጅ እግር ሳሉ ታላቅ ወንድማቸው ሰው ገደለና ቤተሰቡ በሙሉ አገር ለቆ ወጣ። ደሙ ሳይታረቅ ወንድምየው ሞተ፤ የተገደለው ሰው ወገኖችም እርቁን እንቢ እንዳሉ ቀሩ። ስለዚህ ጋሽ ይሁኔ ያንን መሬት አንድም ቀን አልረገጡትም። አሁን ደግሞ ዓይናቸው እየሄደ ነበር፤ ሐኪሞቹ ብዙ እንደማይቆይ ነግረዋቸዋል።

«መርገጥ አልችልም» አሉኝ መጀመሪያ ስንገናኝ። «ማየት ግን ማን ይከለክለኛል?»

ከተራራው ጫፍ ላይ ሆኖ ሸለቆው እንደሚታይ ሰው ነግሯቸው ነበር። እውነት ነው፤ ከጫፉ ይታያል። ግን ከጫፉ ብቻ ነው።

ፍኖተ ሰላም ከሚኖሩ ታናሽ እህታቸው ቤት አድረው፣ እኔው ሄጄ አመጣኋቸው። እህታቸውን እትዬ ማንጠግቦሽ እንላቸዋለን። ከቡሬ እስከ ተራራው ግርጌ በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ቀስ እያሉ በደንብ ወጡ። እየወጡም ስለ አገራቸው ያወሩኝ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ መሆኑን፣ ወንዙ ከደኑ ጀርባ ዞሮ እንደሚሄድ፣ ቤታቸው በሁለቱ መሐል እንደነበረ። እኔ በአንድ ጆሮዬ ነበር የምሰማው። ባለፈው ቀን ጫጫታ የበዛበት ቡድን አውጥቼ ሰውነቴ ሁሉ ተቀጥቅጧል። ቡሬ ላይ ደግሞ የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና አለ፤ ድግሱ ሳያልቅ ልደርስ አስቤያለሁ። እነሆ፣ ምክንያቴ ይኸው ነው። ሌላ ትልቅ ምክንያት ቢኖረኝ ለእርስዎም ለመናገር ባላፈርኩ ነበር።

ግማሽ ላይ የተራራው ትከሻ አለ፤ ሣር ያለበት ለጥ ያለ ቦታ። ፊቱ ወደ ፍኖተ ሰላም በኩል ነው፤ የጋሽ ይሁኔ አገር ከሚገኝበት ተቃራኒ። ከዚያ በላይ ያለው የሚንሸራተተው ቀይ ድንጋይ ነው፤ እሳቸውን ከሆነ ደግፎ፣ አንዳንድ ቦታም አዝሎ ማውጣት ይጠይቃል። እዚያ ስንደርስ ቆሙ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ደረስን እንዴ ልጄ?» አሉ።

«ደርሰናል ጋሼ» አልኩ።

ለሁሉም እንደምለው ነው ያልኩት። ጉልበት ልሰጣቸው ነበር። ግን እሳቸው ዕድሜያቸውን የኖሩት አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ የታክሲ ረዳቱ ደርሰናል ካለ መውረድ ነው። ጋሽ ይሁኔ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፤ ልክ ቤተ ክርስቲያን ሊገቡ እንደሆነ ሁሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ቆሙ።

ያኔ ነው ቃሌ ምን እንደሠራ የገባኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። «ኧረ ገና ነን ጋሼ፤ እንዲያው ላበረታታዎ ብዬ ነው» ማለት ብቻ ነበረብኝ። ስቀው ጫማቸውን መልሰው ያደርጉ ነበር። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች፤ ምሥራቁን ከምዕራቡ ለይተው የሚያውቁበት ነገር አልነበራቸውም። ቀና ብዬ ቀዩን ድንጋይ አየሁት። እሳቸውን አየኋቸው። ዝም አልኩ። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት፤ ማንም አልያዘኝም።

«ያ ጠቆር ያለው ደኑ ነው?» አሉ። የማን እንደሆነ የማላውቀው የባሕር ዛፍ ተክል ነበር። «አዎ» አልኩ። ከባሕር ዛፉ ወዲህ የብዙ ቤት ቆርቆሮ ተርታውን ያብረቀርቅ ነበር፤ ለደከመ ዓይን ውኃ ይመስላል። «ወንዙስ? ከደኑ ፊት ሆነብኝ እኮ» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ጎርፍ አቅጣጫውን አስቀይሮት ነው» አልኩ። ይህን ውሸት ከየት አመጣሁት? ሳላስበው ነው የወጣው፤ እንደ ውኃ ቀለለኝ። እሳቸውም አመኑኝ። የአባታቸውንና የእናታቸውን ስም እየጠሩ መሬቱን ሳሙ። አለቀሱ። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ምርቃቱን ስቀበል ምን እያደረግኩ እንደነበር ልንገርዎ? ስንት ሰዓት እንደሆነ ስልኬን እያየሁ ነበር።

ክርስትናው ላይ ደረስኩ። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተጫወትኩ። በሰላም ተኛሁም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ራሴን አታልል ነበር። ደስ ብሏቸው ወረዱ፣ ምን ጎዳኋቸው እል ነበር። ግን ከወራት በኋላ ጋሽ ይሁኔ ከአዲስ አበባ ደወሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ ሊጠይቋቸው ሄደው እቤታቸው ነበሩ፤ የጋሽ ይሁኔ ልጅም ነበር። ጋሽ ይሁኔ ያዩትን ሲተርኩላቸው ወንዙ ከደኑ ፊት ነው አሉ፤ እህታቸው ደግሞ ወንዙ ከጥንትም ከጀርባ ነው፣ ፍኖተ ሰላም ገበያ የሚመጡ የዚያ አገር ሰዎችም እንደዚያው ነው የሚሉት ብለው ተከራከሩ። ልጅየው ድሮም አባቱ ብቻቸውን መኖራቸውን አልወደደውም። አንድ ሁለቴ ምድጃ ሳያጠፉ ወጥተዋል፤ ቤታቸውን ዘግተው ከእሱ ጋር እንዲኖሩ ይወተውታቸዋል። አሁን ደግሞ የሌለ ነገር አየሁ እያሉ ነው ማለት ጀመረ።

«እስቲ ንገርልኝ ልጄ» አሉኝ። ሌሎቹ እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍተውታል፤ የእትዬ ማንጠግቦሽ ሳል ይሰማኝ ነበር። «አጠገቤ የነበርከው አንተ ነህ። ወንዙ ከፊት አልነበረም? ራስህ አይደለህም ጎርፍ አስቀይሮት ነው ያልከኝ?»

እውነቱ አጭር ነበር፤ አልተሳሳቱም፣ ሌላ አገር ያሳየኋቸው እኔ ነኝ ማለት ብቻ። ግን ስሜን አሰብኩ። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ አታለለ ሲባል ቡሬ እንዴት እንደሚስቅብኝ፣ ከዚያ በኋላ ማን ተከትሎኝ ተራራ እንደሚወጣ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ አላጣሁም፤ እሳቸው መልሴን በትዕግሥት ይጠብቁ ነበር።

«ጋሼ ያን ቀን ደክሟቸው ነበር» አልኩ። «እኔ እንደዚያ ማለቴን አላስታውስም። ምናልባት ተምታቶባቸው ይሆናል።»

ጋሽ ይሁኔ «እሺ ልጄ። ይሆናል» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ እንዴት ደስ ባለኝ! ደህና ዋል ብለውኝ ስልኩን ዘጉት።

የተራራው ላይ ጥፋቴን ስንፍና ልበለው። ይህንንስ ምን ልበለው? መጀመሪያ አገራቸውን ነጠቅኳቸው፤ ቀጥሎ በገዛ አእምሯቸው ላይ መስክሬ አእምሯቸውን ነጠቅኳቸው። ማን አስገደደኝ? ማንም። መልሼ ልደውል የምችልባቸው ስንት ቀኖች ነበሩ፤ ስልክ ቁጥራቸው እጄ ላይ ነበር። አልደወልኩም።

ጋሽ ይሁኔ ቤታቸውን ዘግተው ልጃቸው ጋ ገቡ። ዓይናቸው ጠፋ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። መርዶው ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ለቅሶ ልደርስ እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ሄድኩ። አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ወንድማቸው የመጨረሻ ጊዜ ያወሩኝ ጀመር። ከዚያ ስልክ በኋላ ጋሽ ይሁኔ ስለ ልጅነታቸው ማውራት ተዉ። የልጅ ልጆቻቸው ተረት ሲጠይቋቸው «እኔ ይምታታብኛል፤ አያታችሁን ማንጠግቦሽን ጠይቁ» ይሉ ነበር።

«ያባታችንን መልክ እንኳ ባነሳበት ‹እርግጠኛ አይደለሁም ማንጠግቦሽ› አለኝ» አሉ እትዬ። «እሱ እኮ ነበር ለኔ የሚነግረኝ። እኔ ትንሽ ነበርሁ፤ ያባቴን መልክ የማውቀው ኸሱ አፍ ነው።»

ቀጥለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል።

«አንተስ ተባረክ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ ሁሉም እንዲሰማ። «እንዴው ጭንቅላቱ ቢከዳውም አንተ አልከዳኸውም። ያን ሁሉ አቀበት አውጥተህ አገሩን አሳየኸው። ልጆችህ ይውጡልህ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሽማግሌ «ሰው ማለት እንዲህ ነው» አሉ።

እኔም «አሜን» አልኩ።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ እርስዎን አልለምንም። የበደልኩት እርስዎን አይደለም፤ እርስዎ ይቅር ቢሉኝም ለጋሽ ይሁኔ ምንም አይፈይድላቸውም። ደክሞኝ ነበር፣ ድግስ ነበረብኝ፣ የአገሩ ወግ ነው ብዬም አላሳብብም። እትዬ ማንጠግቦሽ ዛሬም በሕይወት አሉ። ወንድማቸው አእምሮውን ስቶ የሞተ ይመስላቸዋል። እውነቱ ሊነገር የሚገባው ለእሳቸው ነበር፤ እኔ ግን ወረቀት ላይ ጻፍኩት። እትዬ ማንጠግቦሽ ፊደል አልቆጠሩም። ይህን ሁሉ ስጽፍም ያንን አውቃለሁ።