የጎረቤቴ ገራባ

ጓሮዬ ያለውን የዳቦ ምድጃ ሌሎች ሲሠሩ አይቼ በጡብና በጭቃ በገዛ እጄ ሠራሁት። በዚህም እኮራለሁ። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ስለኩሰው ግን ጭሱ ሽቅብ መውጣቱን ትቶ በምድጃው አፍ ተመለሰ። እንጨቱን ቀየርኩ፣ አመዱን ጠረግኩ፣ ጭስ ማውጫውን በረጅም ዱላ ጎረጎርኩ፤ ወይ ፍንክች። የባለቤቴ ሊጥ ደግሞ ኩፍ ብሎ ሊፈስ ደርሷል።

ከግንቡ ማዶ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ የሆነው ጎረቤቴ ጫቱን ይቅማል።

«አቦ ጎረቤት፣ ዳቦውን ነው ወይስ እኛን የምትጋግረው?» አለ ጭሱ እያሳለው። «ውጪው በፀሐይ ግሎ የጭስ ማውጫህ ውስጡ ግን ቀዝቅዟል፤ ቀዝቃዛው አየር ነው ጭሱን ቁልቁል የሚመልሰው። ከሥሩ ቶሎ የሚነድ ነገር አቀጣጥልና አሙቀው። እንካ ገራባ!»

ከቃመው ጫት የተረፈውን የደረቀ እንጨት በጆንያ ከግንቡ በላይ አነሳልኝ።

እኔ ጫት ከደጄ እንዳያልፍ ለልጆቼ ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ለማገዶም ቢሆን አይገባም» አልኩ።

«እንግዲያው ሊጡን በምክርህ ጋግረው!» አለች ባለቤቴ፤ ጆንያውንም ራሷ ተቀበለች።

ገራባው ቦግ ብሎ ነደደ፤ ጭሱም ሽቅብ ተመዘዘ። ድፎው አምሮ ወጣ።

በነጋታው ለጎረቤቴ ትልቁን ቁራሽ ራሴ ይዤለት ሄድኩ፤ ጫት እንዲተውም አጥብቄ መከርኩት። ዳቦውን እያላመጠ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«ወላሂ እተዋለሁ» አለ። «ግን አንተ ለገና በምን ልታቀጣጥል ነው?»