ፊቱን የደፋ ወለል

ቢሆነኝ የፍኖተ ሰላም ግንበኛ ነበር። ሙያውን ያስተማረው የለም፤ ሌላው ሲሠራ እያየ፣ እያበላሸ፣ እያፈረሰ ነው የለመደው። በ1959 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት የቡሬው ግራዝማች ዓለምብርሃን የአዲሱን ቤታቸውን ሳሎን ወለል ማቶኔላ እንዲያነጥፍላቸው አስጠሩት። አገሬው ወለሉን በእበት ሲለቀልቅ፣ እሳቸው አበባ ያለበት የሲሚንቶ ሰቆ ከአስመራ በካሚዮን አስጭነዋል። ሰቆው አራት አራት ሆኖ ሲገጥም ነው አበባው የሚሞላው።

ከሳሎኑ ወዲያ፣ መስኮት በሌላት ጓዳ፣ እናታቸው እማሆይ አስካለ ማርያም ታመው ተኝተዋል። ጓዳይቱ ሌላ በር የላትም። ቢሆነኝ ሥራው ይቆይ ቢል ግራዝማች አልሰሙትም፤ እንግዳ ሊጠሩ ቀን ቆርጠዋል። እንጀራና ውኃ ከእማሆይ ራስጌ ተቀመጠና፣ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ማንም እንዳያልፍ ተከለከለ። ለወለል ሲባል እናት ተዘጋባት፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ ነውር ነው አላለም።

ቢሆነኝ ከጓዳው በር ጀምሮ፣ ቁጢጥ እንዳለ ወደ ኋላ እያፈገፈገ አነጠፈ። የጨረሰውን ረድፍ ወዲያው በተሰፋ እርጥብ ጆንያ ይሸፍናል። ስለዚህ ወለሉን ባንድነት ያየው በማግስቱ ጠዋት፣ ደጃፍ ቆሞ ጆንያውን ስቦ ሲገፍፈው ነው። አበባ የለም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መስቀል ነው።

እማሆይ ከማለዳ ጀምረው የነፍስ አባታቸውን ሲጣሩ ይሰማ ስለነበር፣ አባ ክንፈሚካኤል ለኑዛዜ ተጠርተው መጡ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«መስቀል አልረግጥም።»

ግራዝማች አበባ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ከሰቆው ጋር የመጣውን ሥዕል ሳይቀር አሳዩ።

«አበባ ከሆነ፣ ግራዝማች፣ እስቲ እርስዎ ይቅደሙ።»

ግራዝማች እግራቸውን አነሱ። እዚያው መለሱት። ምንጣፍ ይልበስ ቢባል፣ አባ የተሸፈነም መስቀል መስቀል ነው አሉ። አንዱ ኩራቱን፣ አንዱ ሥርዓቱን ይዞ ደጃፍ ሲገተር፣ ቀጭን ደረቅ ድምፅ ከጓዳ መጣ።

«አባ፣ መጡ?»

ቢሆነኝ መሮውን አነሳ። ከደፉ ሥር ያሉትን አራት ሰቆ ነቅሎ አዙሮ ገጠማቸው፤ መስቀል። እንደገና አዞረ፤ መስቀል። ግራዝማች ወለሌን አትንካ ሲሉት ቀና ብሎ አያቸው።

«ጌታዬ፣ ወለልዎ እናትዎን እየዋጠ ነው።»

ከዚያ ሰቆውን አንድ ባንድ እየነቀለ በፊቱ ደፋው። ግራጫው ጀርባ እንደ ቀጭን መንገድ ወደ ጓዳው ተዘረጋ፤ ሰቆው ሲነቀል መስቀሉ ፈርሷልና አባም ከኋላው ተከተሉ። ድምፁ ሁለት ጊዜ «ደረሱ?» አለ። በሁለተኛው ጊዜ ከጓዳ ሳይሆን ከቢሆነኝ ጆሮ ሥር የመጣ መሰለው።

በሩ ሲከፈት እንጀራው አልተነካም፣ ውኃው አልጎደለም። አባ የእማሆይን እጅ ያዙ። ቀዝቅዞ እንጨት ሆኗል። ትናንት ነው ያረፉት፤ ሳይናዘዙ፣ ብቻቸውን።

ግራዝማች ያን ድምፅ አልሰማሁም ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው ማሉ። ይማሉ፤ ደጃፍ የነበረው ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ቢሆነኝ ማንጠፉን አልተወም። ዳሩ ግን የማንም ቤት ቢጠራ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውስጥ የተኛ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የለም ቢሉትም፣ ጓዳውን ራሱ ገብቶ ካላየ ሲሚንቶ አያቦካም ነበር።